ሁለተኛው ጉርሻ

ኅዳር 12 ቀን 2017

ዛሬ የሚካኤል ንግሥ ነበር። የካ ሚካኤል ግቢው ሞልቶ ሰዉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። ታቦቱ ሲዞር እማዬ በግራዬ፣ ወንድሜ ዘሜ በቀኜ ነበሩ። እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱም እንዳይሰሙኝ «ቅዱስ ሚካኤል፣ እባክህ ሆዴን ዝጋልኝ» አልኩ። ሰው ልጅ ይለምናል፣ ትዳር ይለምናል፤ እኔ ሐመልማል ግን ታቦት ፊት ቆሜ ስለ ቦርጭ አወራለሁ። ይሁን፣ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ ዶክተሯ ናት። «የበላሽውን ብቻ አይደለም፣ ስትበዪ ምን እንዳሰብሽም ጻፊ» አለችኝ። እኔ ስበላ አስቤ አላውቅም። አስቤ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር።

ነገሩን አንዴ በግልጽ ልጻፈውና ልገላገል። የዘሜ፣ የዘመንፈስቅዱስ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ በማሽን ይታጠባል። የእኔ ኩላሊት ይስማማዋል ተብሏል። ምርመራው ሁሉ አልቆ የቀረው የእኔ ውፍረት ነው። ዶክተሯ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ፤ «ከጥምቀት በኋላ እመዝንሻለሁ። ስምንት ኪሎ ካልቀነስሽ ቀዶ ጥገናው የለም፣ ለራስሽም አደጋ ነው። ተራው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።» የዘሜ አንገት ላይ ያለው የመታጠቢያ ቱቦ ደግሞ ይዘጋል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይዘጋል። ሌላ ተራ እስኪደርሰን የሚጠብቀን አይመስልም።

እማዬ ይህን አታውቅም። የምታውቀው «ሰጪ እየተፈለገ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ አንዳችን ስናስነጥስ ሱባኤ ካልገባሁ የምትል ሴት ናት። ጥምቀት ሲያልፍ እንነግራታለን ብለን ከዘሜ ጋር ተማምለናል።

እስከዚያው መተዳደሪያዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለው ዳቦ ቤቴ ነው። እግዜርም ሲቀልድ እንዲህ ነው።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ፣ ተመስገን። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለ። ምንም ሳልለፋ ጾሙ ራሱ ያከሳኛል። ለገና ቀሚሴን አስጠብባለሁ።

ኅዳር 18

ሱልጣና ጎህ ሲቀድ በሬን ቆረቆረች። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት። ስኳር ስላለባት ሐኪም በየቀኑ ተራመጂ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ብቻዬን ጅብ ይበላኛል እያለች ሁለት ዓመት ተቀመጠች። አሁን እኔን አገኘች። ከዘሜ ሌላ ምስጢሬን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ዳገቱን ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን። ጭጋጉ ባሕር ዛፎቹን ወገባቸው ላይ ቆርጧቸዋል፤ ከላይ ቅጠል፣ ከታች ግንድ፣ መሐሉ የለም። እኔንም እንዲህ ቢያደርገኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ትንፋሼ አለቀና መመኘቱንም ተውኩት። እዚያ ላይ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሱልጣና አጠገቤ እየተራመደች እግሯ የሚሰማኝ በእንቅልፍ ልቤ ይመስል ነበር። ደስ የሚል ነገር አለው። ዳቦ ቤቱም፣ ማሽኑም፣ ሚዛኑም ከጭጋጉ በታች ቀርተዋል።

ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከጭጋጉ ውስጥ ጎንበስ ብለው ወጡ። ከሸክሙ በታች እግራቸው ብቻ ይታያል። አንዷ ቀና ብላ አየችንና «እናንተን ደግሞ ማን አባረራችሁ?» አለች።

«ዶክተር» አለቻት ሱልጣና።

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፣ ሸክሟም አብሯት ተወዛወዘ። እኔ ግን አፈርኩ። እነሱ ለመብላት ይወጡታል፣ እኔ ላለመብላት።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ትእዛዝ ስለበዛብኝ ዘሜን ሆስፒታል የወሰደችው እማዬ ናት። ሲመለሱ እሱ ወደ ቤት አለፈ፣ እሷ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ። «ምነው እማዬ?» ብላት «ምንም» አለችና በዱቄት የተለወሰ እጄን ይዛ ቆየች። ማሽኑን አይታ ደንግጣ ነው። እሷን መላክ አልነበረብኝም።

ኅዳር 23

እማዬ በዘጠኝ ሰዓት ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ሱፍ ፍትፍት፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ወፍራም ሽሮ። «ስትለፊ ትውያለሽ፣ ማን አለልሽ» አለች። ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ኅዳር 26

ምሳ ዕቃ። ተልባ ተጨምሯል።

ታኅሣሥ 1

ምሳ ዕቃ። ዳቦ ቤት ላላት ልጇ ከቤት ዳቦ ጋግራ አመጣች። ሳቄ መጣ፣ ግን በላሁት። እናት ጋግራ አልበላም አይባልም። ምን እንዳሰብኩ ልጻፍ ካልኩ፣ ያሰብኩት ይጣፍጣል ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 5

የካ ሚካኤል በር ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ጋሽ በዳዳ ጨዋ ሰው ናቸው። ቁጥሩን ጮክ ብለው አይናገሩም፣ ጎንበስ ብለው አይተው በሹክሹክታ ነው የሚነግሩት። ዛሬ አዩ። ሚዛኑን በጨርቅ ጠረጉና «እስቲ ውረጂና እንደገና ውጪ» አሉኝ። ወረድኩ፣ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

«ጾም ላይ ነኝ እኮ ጋሽ በዳዳ» አልኳቸው።

«ሚዛኑ አይጾምም ልጄ» አሉኝ።

እየተራመድኩ፣ ሥጋ ሳልነካ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቄን እየዋጥኩ ጨመርኩ። ለሱልጣና ስነግራት አልደነቃትም። «እኛም በረመዳን እንዲሁ ነን። ወለድ ሐራም ነው እያልን ቀን የተውነውን ማታ ከነወለዱ እንበላዋለን» አለች። ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ዘሜ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ ይጠጣል፤ እኔ አንድ ምሳ ዕቃ ማሸነፍ አቃተኝ።

ታኅሣሥ 8

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ዘይቱም ድንቹም ዱቄቱም እኮ የጾም ነው። ሆድሽ የሚያውቀው ብዛቱን ነው» አለች። የሳህኔ ግማሽ ጎመንና ቀይ ሥር ይሁን። ጠዋት ትንሽ ልቅመስ፣ ሲመሽ ልቀንስ። በየጉርሻው መሐል እጄን ልሰብስብ። የነፍስ አባቴ ነገሩን በምስጢር ሰምተው ሰዓቱን ፈቱልኝ። «ስለ ወንድምሽ የምታደርጊው ይበልጣል» አሉኝ።

ዛሬ ከዳቦ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጎመን በላሁ። ስበላ ማሰብን ሞከርኩ። በየጉርሻው እጄን እየሰበሰብኩ፣ ቀስ እያልኩ። ከምድጃው የሚመጣው ሙቀት ጀርባዬን ይነካኛል፣ ውጭ የዳገቱ ፀሐይ በአቧራው ውስጥ ቢጫ ሆናለች፣ አንድ ታክሲ በጣም ቀስ ብሎ ይወጣል። ጎመኑ ውስጥ ዝንጅብል እንዳለ ያወቅሁት ዛሬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እየበላሁት። ሳህኑ ላይ ጥቂት ሲቀር ጠገብኩ፤ ጠግቤ የተውኩት ምግብ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ 10

መላ ተገኘ። እማዬ ስትመጣ «ሥራ ላይ ነኝ፣ አስቀምጪልኝ» እላለሁ። ስትሄድ ሬድዋን ይበላዋል። ሬድዋን ሊጥ የሚያቦካልኝ ሰው ነው፣ ጠንካራና ዝምተኛ። የጾም ምግብ ስለሆነ ለሱም አይከለከልም። ሱፍ ፍትፍቱን ሲጨርስ ዐይኑን ጨፍኖ «እናትሽን አላህ ያቆይልሽ» አለ።

ታኅሣሥ 12

ሕልም አየሁ። እንጦጦ ላይ ነኝ፣ እግሬ መሬት አይነካም። ዛፎቹ ትኩስ ዳቦ ይሸታሉ። ዘሜ ከታች ወንዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ወንዙ አያልቅም። እኔ ከፍ እያልኩ ስሄድ እማዬ ወገቤ ላይ ገመድ አስራ ወደ ታች ትስበኛለች። «ውረጂ፣ ንፋስ ይወስድሻል» ትላለች። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋ እሹሩሩ ትለኝ እንደነበረ ጊዜ ነው። ስነቃ ገመዱ ወገቤ ላይ ነበር። ለካስ መቀነቴን ሳልፈታ ነው የተኛሁት።

ታኅሣሥ 14

ጋሽ በዳዳ ጎንበስ ብለው አዩና ፈገግ አሉ። እየወረድኩ ነው። ከዚያ «እናትሽም ትናንት መጥተው ነበር» አሉኝ።

«ሊመዘኑ?»

«ኧረ ያንቺን ሊጠይቁ። ስንት ደረሰች ብለው። የሰው ሚዛን አልናገርም ብዬ መለስኳቸው። አዘኑብኝ።»

ምስኪን እማዬ። ከሳችብኝ ብላ ነው የምትጨነቀው። እናት አይደለች።

ታኅሣሥ 17

የዳቦ ሠልፍ ላይ የሰማሁት፦

«ሐመልማልን አየሻት? ምጥጥ ብላለች።»

«ባል ተገኝቶላት ነው አሉ፣ ዳያስፖራ።»

«እንዲያ ከሆነ እሰይ። እኔስ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው ብዬ ነበር።»

ወጥቼ አሥሩን ዳቦ በእጄ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ዳያስፖራውን ሰላም በይልን አሉኝ፣ እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 20

ምሳ ዕቃው ሁለት ሆነ። እማዬ ሬድዋንን ትክ ብላ አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ተመችቶህ ነው እንዲህ የፋፋኸው?» አለችው። ሬድዋን ወደ ሊጡ አቀረቀረ።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ለሬድዋን የበዓሉን ዳቦ ቅመም አመጣጠን አሳየሁት። ድንብላሉ መቼ እንደሚገባ፣ ጥቁር አዝሙዱ ስንት እፍኝ እንደሆነ። የዳቦ ቤቱንም ሁለተኛ ቁልፍ ሰጠሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ሰው እረፍት ያስፈልገዋል አልኩት። ሌላ ምክንያት የለውም። ዶክተሯ ከሰጪዎች አብዛኞቹ በሳምንት ውስጥ ወደ ቤታቸው ይገባሉ ብላለች። አብዛኞቹ።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ሊጥ፣ ሊጥ፣ ሊጥ። ሰዉ ከቤቱ ያቦካውን በትሪ ይዞ እኛ ምድጃ ሊያስጋግር መጥቶ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። እግሬ አብጧል። ጠዋት አልተራመድኩም። ቀይ ሥር በቆምኩበት። አሁን ልተኛ። ነገን ፈራሁ፤ ዶሮ ወጥ የሚፈራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

እማዬ ቤት ገና ከደጁ ቅቤው ተቀበለኝ። ገበታው ዙሪያ አክስቴ፣ ዘሜ፣ እማዬና እኔ። ዘሜ ግማሽ እንቁላል አጥቦ በእንጀራ ጠቅልሎ ያዘ፤ ጨው ስለማይሆነው። ውሃውን በከንፈሩ ነካ አድርጎ አስቀመጠ። እኔ ትንሽ ቆረስኩና እጄን ሰበሰብኩ።

እማዬ ሁለታችንን አየችን። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። «እንቺ፣ በሞቴ።»

ተቀበልኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን አመጣች። ተቀበልኩ። «ሦስተኛው የሥላሴ ነው።» ተቀበልኩ። አራተኛውን ምንም ሳትል አመጣች። ቀና ብላ አላየችኝም። ድካም ነው መሰለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ጣፈጠኝ። ከወር በላይ ቅቤ ያልነካው ምላሴ ላይ ወጡ ሲያርፍ ክፍሉ ሁሉ ለሰለሰ፣ የአክስቴ ድምፅ ራቀ፣ ሕፃን ሆኜ እማዬ ጭን ላይ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አላጎረሰኝም፤ በገዛ እጄ ነው የበላሁት። ቀና ስል ዘሜ እያየኝ ነበር። ፈገግ አለልኝ። ያቺን ፈገግታ አልችላትም።

ቡና ሳይፈላ ወጥቼ ሱልጣና ቤት ሄድኩ። እነሱ ቤት ዛሬ ተራ ማክሰኞ ነው። ዐይኔን አይታ ምን እንደሆነ ገባት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠችኝና «እዚህ ቤት ብዪ የሚልሽ የለም፣ ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ። የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች መጋረጃ ትሰፋለች፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አንቀላፋሁ። ሲመሽ ቀሰቀሰችኝና «ነገ ሁለቴ እንወጣዋለን» አለች።

ጥር 1

ዛሬ ያመጣችው ጥብስ ነው። ክርስቲያን ያረደው ሥጋ ስለሆነ ሬድዋን ሊያድነኝ አልቻለም።

«አልበላም እማዬ» አልኳት። እንዲህ ብያት አላውቅም።

«ትበያለሽ።»

«ዶክተር ከልክሎኛል።»

«ዶክተር ምን እንዳለሽ አውቃለሁ» አለች።

ሬድዋን ዱቄት ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እማዬ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። የጽዮን ማርያም ዕለት ዘሜ ማሽን ላይ ሆኖ ሳለ ነርሷን ጎን ወስዳ «የእኔን ውሰዱለት» ብላት ነበር። «ዕድሜዎ አይፈቅድም፣ ግፊትም አለብዎት» አለቻት። ስታለቅስ ጊዜ ነርሷ ልታጽናናት ብላ «አይዞዎት እናቴ፣ ልጅዎ ሐመልማል ተገኝታለች እኮ። ትንሽ ክብደት ብቻ ነው የቀራት» አለቻት።

ምሳ ዕቃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱፉ፣ ተልባው፣ ዳቦው፣ አራተኛው ጉርሻ።

«ልጅ እንኳ ሳትወልጂ» አለች። «ልጅ መውለድ አይከለክልም» አልኳት። አልሰማችኝም። «አንዱን ልጄን በሽታ ይዞብኛል። ሁለተኛዋን በገዛ እጄ ላስረክብ? ብትወፍሪ ምን ትሆኛለሽ? ወፍረሽ ትኖሪያለሽ።»

«እና እሱን በሱፍ ፍትፍት ልትገድዪው ነው?» አልኳት።

ከአፌ ወጣ። እማዬ ተነሳች። የምሳ ዕቃውን ክዳኖች አንድ በአንድ ገጠመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዳገቱን ወረደች። ከኋላ ሳያት ትንሽ ሴት ናት። እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ምነው ምላሴን በያዘው። ለዚያች ሴት እንዲህ ይባላል? ደግሞ ደጋግሜ ሳስበው ንዴቴ አይወጣልኝም። ሁለቱም አንድ ላይ አሉ።

ጥር 3

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን አየሁ። ማንም አልመጣም።

ጥር 4

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን አየሁ። ሬድዋንም አየ።

ጥር 5

የዘሜ ቱቦ ተዘጋ። ሌሊቱን ትኩሳት ነበረው። ቀየሩለት። አሁን ደህና ነው። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ቱቦ የምናስገባበት ቦታ እያጣን ነው» አለ። እማዬ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ እኔ ሌላው ጫፍ ላይ።

ጥር 7

ዘሜ እንጦጦን ልየው አለኝ፣ ታክሲ ይዘን ወጣን። እስከ ዛፎቹ ደግፌው ሄድን። ከተማው ከታች በጭስና በጭጋግ ተሸፍኖ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀጫጭን ፎቆች ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል። ጋቢውን ለብሶ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«ሌሊት ሌሊት ውሃ እጠጣለሁ» አለኝ። «በሕልሜ። በብርጭቆ አይደለም፣ በባልዲ። እማዬ ያመጣችልኝን ጠበል እንኳ ከንፈሬን ብቻ ነው የማረጥብበት። ጨርሰው ትለኛለች፣ ብጨርሰው ልቤ ይሰጥማል።»

ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳብኩለት።

«ተዪው እታለም። ከእማዬ ከምትጣዪ ማሽኑ ይሻለኛል።»

«ኩላሊቴን ከወሰድክ በኋላ ትመክረኛለህ» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ አባዬን ይመስላል። ከዚያ «ፈርተሻል?» አለኝ። አልፈራሁም አልኩት።

ፈርቻለሁ። ሰው እንዳያየኝ እዚህ ልጻፈው። በጣም ነው የፈራሁት።

ጥር 9

ጠዋት ከሱልጣና ጋር ልወጣ በሩን ስከፍት እማዬ ቆማለች። የዘሜን አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ዱላ ይዛ። ምሳ ዕቃ የለም።

«አብሬያችሁ ልሂድ ብዬ ነው» አለች።

ሱልጣና ወሬ የምታቆም ሴት አይደለችም፣ ዛሬ ግን ዝም ብላ ወደ ፊት ቀደመች። እኔና እማዬ ከኋላ። ጭጋጉ ውስጥ ዱላዋ ቀጭ ቀጭ ይላል። በየመታጠፊያው እየቆመች ትተነፍሳለች፤ ስጠብቃት «ሂጂ፣ ላብሽ ይበርዳል» ትለኛለች። ግማሹ ላይ ስንደርስ ቀና ብላ የቀረውን አየች።

«በየቀኑ የምትወጪው ይሄን ነው?»

«በየቀኑ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ክንዴን ያዘች። ይቅርታ ልላት ስል እጄን ጫን አድርጋ ያዘችው።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦቱ ወረደ። ጋሽ በዳዳ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሚዛናቸውን ዘርግተዋል። «አንድ ኪሎ ቀረሽ» አሉ በሹክሹክታ። ከነገ ወዲያ የሚካኤል ድግስ ነው፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ዶክተሯ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ጠበሉ ሲረጭ ዘሜ ከጎኔ ጠፋ። ደንግጬ ስፈልገው ወደ ፊት ተጋፍቶ ገብቷል። የአንገቱን ፋሻ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሟል። ውሃው በፀሐዩ ውስጥ እየበራ ይወርድበታል፣ በግንባሩ፣ በዐይኑ፣ በጉንጩ፤ አፉን ግን ገጥሟል፣ አንድ ጠብታ አልዋጠም። ይስቃል። ሰዉ ይዘምራል፣ እልልታው ከሩቅ ይመጣል፣ እኔ ያን ሕልሜን ዳግመኛ እያየሁ መሰለኝ። ዞር ስል እማዬም እያየችው ነው። እንባዋን አልጠረገችም።

«ውሃ ጠምቶት ነው» አለች። «ልጄ ውሃ ጠምቶት ነው የኖረው።»

ጥር 12

ሚካኤል ወደ መንበሩ ገባ። ከታቦቱ ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሄድን፣ እማዬ በሸራ ጫማዋ።

ቤት ስንገባ ገበታው ቀረበ። አክስቴና ሌሎች ዘመዶች አሉ፣ ጥብሱ ይጮሃል። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያለው የእንጀራ ጥግ ላይ ጎመን ነበር። ለበዓል ጎመን የሠራችው እሷ ናት። ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ እማዬ ጠቀለለች። እጇ ወደ አፌ ሲመጣ አየሁት፤ ጉርሻው ትንሽ ነው፣ አውራ ጣቴን አይበልጥም። ተቀበልኩ። ሁሉም ሁለተኛውን ጠበቀ። እማዬ እጇን በፎጣ ጠረገች።

«የማርያምወርቅ፣ ምነው?» አለቻት አክስቴ። «አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል።»

«እንጣላ» አለች እማዬ።

እሷ የምታየው እኔን ብቻ ነው።

«ሁለተኛውን ከሆስፒታል ስትወጪ አጎርስሻለሁ። ያኔ እንታረቃለን። እስከዚያው ተጣልተናል።»

ዘሜ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አክስቴ «የምን ሆስፒታል?» እያለች ነበር። እኔ ያችን አንዲት ጉርሻ አላመጥኩ፣ አላመጥኩ፣ እንዳታልቅብኝ ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ቀስ ብዬ በልቼ አላውቅም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሚዛኑ ላይ ስወጣ ዐይኔን ጨፈንኩ። «ለጥቂት ነው፣ ግን አልፈሻል፤ እስከ ቀዶ ጥገናው እንዳትጨምሪ» አለች ዶክተሯ። ቀኑ የካቲት ውስጥ ነው። ለዘሜ ደውዬ ስነግረው ሲተነፍስ ብቻ ሰማሁት።

እማዬ አብራኝ ነበረች። ከሆስፒታሉ በር ውጭ አንዲት ሴት የምስር ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።

«እማዬ፣ ርቦኛል» አልኳት።

ቆመች። እጇ ምሳ ዕቃውን ወደምታንጠለጥልበት ትከሻዋ ሄደ፣ ባዶ ነው። ሳምቡሳውን አየች፣ እኔን አየች። ዐይኗ ሞላ።

«ቻይው» አለችኝ፣ ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ።